«ሲስተሙ ላይ የሉም» የተባሉት ሰዎች የት ሄዱ?

«እማማ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ፣ ቢሮ ረግጦ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ተብያለሁ። ምን ማለት እንደሆነች የገባኝ ግን አምና ነው። ከዚያ ወዲህ በሰማኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ለእናቶች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። እኔን በፍሪላንስ የቀጠሩኝ «የስኬት ታሪክ» እንድጽፍላቸው ነበር። ሥራውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፎቶ ታነሳለህ፣ ሁለት ሦስት እናቶች ታናግራለህ፣ «ሁሉም ተጠቃሚዎች በዘመናዊ ዲጂታል ሥርዓት ተመዝግበዋል» ብለህ ትጽፋለህ፣ ክፍያህን ትቀበላለህ። ጻፍኩ፤ ተቀበልኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጄ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ኋላ ሰው ላይ ጣቴን ስቀስር የራሴን እንደደበቅኩ እንዳትቆጥሩብኝ ነው።

በሁለተኛው ዙር ስመለስ፣ ክፍያው መስኮት ላይ አንዲት እናት ቆመዋል። ስማቸውን ልቀይረውና ፋጡማ አሊ ልበላቸው። የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት ካርድ ይዘዋል። በወረቀቱ መዝገብ ላይ የጣት አሻራቸው አለ። የመጀመሪያው ዙር ክፍያ በወረቀት ስለነበር ወስደዋል። አሁን ግን ሥራው «ዲጂታል» ሆኗል። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ያችኑ ቃል አላቸው። እሳቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ይኸው ፊትህ ቆሜ የለም እንዴ?» አሉት።

መልስ የለም። «ቀጣይ!»

ያን ቀን ማታ የድርጅቱን የአይቲ ልጅ ለምኜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ግን ሁለት ሰነድ ሲጋጭ መሃሉን መፈለግ ሥራዬ ነው። በኤክሴል የተለቀመው ዝርዝር ወደ 40,000 የሚጠጋ መስመር አለው። ዝርዝሩን ወደ ዳታቤዙ በጅምላ የጫነው ፕሮግራም ከጥቂት ስህተት በቀር ሁሉንም እንዳስገባ ጽፎ ጨርሷል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ስንቆጥር ግን ከ2,000 በላይ ሰው ጎድሏል። ልጁ ፊቱ ቀላ። «ስህተት የሚል ነገር እኮ አላሳየኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። አላሳየውም።

የጎደለው እንዴት እንደጎደለ ለማየት ዳታቤዙን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ካሳንድራ ይባላል። ፌስቡክ ውስጥ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀ፣ ኋላ ወደ አፓቼ ፋውንዴሽን የገባ ነው። ዳታውን በብዙ ሰርቨሮች ላይ በትኖ፣ ከእያንዳንዱም ብዙውን ጊዜ ሦስት ቅጂ አድርጎ ያስቀምጣል። አንዱ ሰርቨር ቢሞት ሌላው ይመልሳል።

ብዙ ቅርንጫፍ ያለው መዝገብ ቤት አስቡ። አንድ ፋይል ሲመጣ ሁለት ጥያቄ አለ። የትኛው ቅርንጫፍ ይግባ? በቅርንጫፉ ውስጥስ በየትኛው ተርታ ይቀመጥ? የመጀመሪያውን የሚወስነው ፓርቲሽን ኪ ይባላል፣ ሁለተኛውን የሚወስነው ክላስተሪንግ ኪ። ሁለቱ ተጣምረው የሰውየው መለያ ይሆናሉ። ይህ ነው ጥምር ቁልፍ የሚባለው። በእኛ ጉዳይ ወረዳና ቀበሌ ቅርንጫፉን ይወስናሉ፤ ስምና የአባት ስም ደግሞ ተርታውን። አራት ዓምድ፣ አንድ ቁልፍ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። በብዙዎቹ የተለመዱ ዳታቤዞች፣ ፖስትግሬስ በሉት ማይኤስኪውኤል፣ በቁልፉ ላይ ቀድሞ ሰው ካለና ሌላ በዚያው ቁልፍ ልታስገባ ብትሞክር «ይህ ቁልፍ ተይዟል» ብሎ ይጮህብሃል፤ አያስገባም። ካሳንድራ አይጮህም። ለእሱ አዲስ ማስገባትና ነባሩን ማስተካከል አንድ ነገር ነው። ቁልፉ አንድ ከሆነ ሰውየው አንድ ነው ብሎ ያምናል፤ ሰዓቱ የዘገየውን ይይዛል፣ የቀደመውን ይተወዋል። የጫነው ፕሮግራምም «ገባ» ብሎ ይቆጥራል፤ ሁለቱንም ልኳልና። ሁለት መስመር ተላከ፣ ሁለት ተቆጠረ፣ አንድ ቀረ።

ፍትሐዊ ልሁን። ይህ የካሳንድራ ጉድለት አይደለም። ከመጻፉ በፊት «አለ ወይ?» ብሎ ይፈትሽ ቢባል በየሰርቨሩ መጠያየቅ ሊኖርበት ነው፤ ፍጥነቱ ይሞታል። ደግሞም ኔትወርክ ተቋርጦ ያንኑ መስመር ሦስቴ ብትልከው ጉዳት የለውም፤ አንድ ሆኖ ይቀመጣል። የኛን ኔትወርክ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈትሾ የሚያስገባበት መንገድም አለው፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ። ይህ ሁሉ በመመሪያው ተጽፏል። ስለዚህ ክሴ ካሳንድራ ላይ አይደለም። ክሴ ቁልፉን የመረጡት ሰዎች ላይ ነው።

በወሎ አንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ፋጡማ አሊ እንዳለ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ይስቅባችኋል። በዚያ ቀበሌ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ የሠላሳ ዓመት ወጣት፣ ሌላዋ የኛ እማማ። የሚለያቸው የአያት ስም ነው። የአያት ስም በወረቀቱ ላይ ነበር። ከቁልፉ ለምን ወጣ? የፎርሙ ንድፍ ከውጭ የመጣ ነው። «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሁለት ቦታ ብቻ ነበረው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባት አለን፣ አያት አለን። ሁለት ቦታ ሲሰጡን አያታችን ውጭ ቀረ። ከአያታችን ጋር እማማም ውጭ ቀሩ።

የሚያናድደው ደግሞ ማን እንደሚቀር የሚወስነው ዕጣ መሆኑ ነው። የጅምላ መጫኛው ፋይሉን ቆራርሶ በአንድ ጊዜ በብዙ ክር ይልካል። በፋይሉ ላይ ኋላ የተጻፈችው ኋላ ትድረስ አትድረስ ዋስትና የለም። ከሁለቱ ፋጡማዎች የትኛዋ «ሲስተሙ ላይ እንዳለች» የተወሰነው በማይክሮ ሴኮንድ ልዩነት ነው። ድህነትን መዝኖ፣ ዕድሜን አይቶ የወሰነ ሰው የለም።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንዱ የጅምላ መጫኛ፣ ዲኤስቡልክ የሚባለውን ጨምሮ፣ ባዶ ዓምድ ሲያገኝ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ዘሎት ያልፋል እንጂ ነባሩን አያጠፋም። ለብዙ ሥራ ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኋላ የገባችው ፋጡማ ስልክ ከሌላት፣ የፊተኛዋ ስልክ እዚያው ይቀራል። የአንዷ ዕድሜ፣ የሌላዋ ስልክ፣ የአንዷ የልጆች ቁጥር። ሁለት ሴቶች ተሰፍተው አንዲት በዓለም ላይ የሌለች ሴት ይወጣሉ። እሷ ግን «ሲስተሙ ላይ አለች»።

ይህ ሁለት ሰው አንድ የሚሆንበት ነው። አንድ ሰው ሁለት የሚሆንበትም አለ። መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ። አሊ፣ ዓሊ፣ ዐሊ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዓ እንደ በ እና ለ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከስሙ በኋላ ሳይታይ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ሌላ ሰው ትፈጥራለች። ስለዚህ ጥር ላይ «አሊ» ተብሎ፣ ሚያዝያ ላይ «ዓሊ» ተብሎ የተጻፈ አንድ አባት፣ ሁለት ልጆች ያሉት ይመስላል። አንዷ ሁለቴ ትወስዳለች፣ ሌላዋ ከነጭራሹ ትጠፋለች። በአጠቃላይ ድምሩ ላይ ይካካስና የሚያይ የለም። ለጋሹ የሚያየው ድምሩን ነው።

ቀጥሎ የተገፉት አሉ። እነዚህ ቢያንስ ድምፅ አሰምተው ነበር። የጅምላ መጫኛው ያልተቀበላቸውን መስመሮች ለብቻ በስህተት ፋይል ያስቀምጣል። የአይቲው ልጅ ፋይሉን ከፍቶት አያውቅም፤ «ጥቂት ናቸው» ተብሎ ታልፏል። ከፈትነው። ምን አገኘን መሰላችሁ? ጳጉሜ የተወለዱ ሰዎችን።

ዳታቤዙ ውስጥ የልደት ቀን የተቀመጠበት ዓምድ የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው የሚቀበለው። መዝጋቢዎቹ ደግሞ ሰው የነገራቸውን ጻፉ፤ በኛ አቆጣጠር። 13ኛ ወር ሲመጣ ማሽኑ «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ ሰውየውን ከነሙሉ መስመሩ ጣለው። ጥቅምት 30 የተወለደም ተጣለ፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ደግሞ 30 ቀን የለውም። ጥቅምት 29 የተወለደ የሚያልፈው በለስ ቀንቶት ዓመተ ምሕረቱ ለአራት የሚካፈል ከሆነ ነው። የቀረነውስ? አለፍን። አለፍን ግን ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት አርጅተን ነው፤ የ1950 ዓ.ም. ልጅ የ1950 እ.ኤ.አ. ልጅ ሆኖ ተመዘገበ። የተጣሉት ዕድለኞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የነሱ ስህተት ቢያንስ ይታያል።

ሌሎች ደግሞ የተጣሉት በመጨናነቅ ነው። ፋይሉ በቀበሌ ተደርድሮ ነበር። ቅርንጫፉን የሚወስኑት ወረዳና ቀበሌ ናቸው ብያችኋለሁ። ስለዚህ የአንድ ቀበሌ ሰው ሁሉ በተርታ ወደ ተመሳሳይ ሰርቨሮች ይጎርፋል፤ እነሱ ይታነቃሉ፣ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። የካሳንድራ ነባር መጫኛ ሌላ ካልታዘዘ በሴኮንድ እስከ 100,000 መስመር ለመላክ የሚሞክር ነው። ደካማ ሰርቨሮች ይህን አይችሉም፤ «ሰዓት አለፈ» ይላሉ። መጫኛው ጥቂት ጊዜ ይደጋግምና ይተወዋል። መድኃኒቱ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል መበወዝና ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ነበር፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የተደረገው ግን «ተጨማሪ ሰርቨር ይገዛ» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ነው። ደብዳቤውን አይቼዋለሁ፤ በጣም ያማረ ደብዳቤ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። ለመሆኑ 40,000 መስመር ለመያዝ ካሳንድራ ምን ያደርጋል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ይህ ዝርዝር አንድ ተራ ላፕቶፕ ላይ በፖስትግሬስ ያለ ችግር ይቀመጣል። ፖስትግሬስ ቢሆን ሁለተኛዋ ፋጡማ ስትመጣ ያኔውኑ ጮሆ ይናገር ነበር። በብዙ ሰርቨር የሚበተን ዳታቤዝ ቢሊዮን መስመር ላለው ነው። ግን «ዲስትሪቢውትድ» የሚለው ቃል ፕሮፖዛል ላይ ያምራል፤ ሲቪ ላይም ያምራል። ለቃሉ ውበት ዋጋ የከፈለችው መስኮቱ ላይ የቆመች ሴት ናት።

አሁን ወደ መከላከያዎቹ ልምጣ። ነገሩን ለኃላፊዎቹ ስናቀርብ ሁለት ነገር ተነገረን።

አንደኛው፦ «የኢንኮደር ስህተት ነው።» ይህ በጣም ያናድደኛል። እነዚያ በቀን አበል የተቀጠሩ ልጆች ወረቀቱ ላይ ያለውን ጻፉ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ፋጡማ አሊ ነበሩ፣ ሁለት ጻፉ። ጳጉሜ 3 የሚል ነበር፣ ጳጉሜ 3 ብለው ጻፉ። ከሁሉም ሰው በትክክል ሥራቸውን የሠሩት እነሱ ናቸው። ሁለቷን አንድ ያደረገው፣ የተማረው ሰው ሰንጠረዡን ሲነድፍ ነው። በአገራችን ስህተት ቁልቁል እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ሁሌም መጨረሻው ደመወዙ ትንሽ የሆነው ሰው ጋ ነው።

ሁለተኛው፦ «ፋይዳ ሲዳረስ ይፈታል።» የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ 1284/2015 ወጥቷል፤ ልዩ ቁጥር ለሁሉም መስጠት ጥሩ ነገር ነው፤ አልቃወምም። ግን ቁጥር ብቻውን አያድንም። ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ አይይዝም። 16 አኃዝ ያለው ማንኛውም ቁጥር በቁጥር መልክ ከተጻፈበት የመጨረሻዋን አኃዝ ዜሮ ያደርጋታል። ከመጨረሻዋ አኃዝ በቀር የሚመሳሰሉ እስከ አሥር ሰዎች በአንድ ቁልፍ ላይ ይወድቃሉ፤ ካሳንድራ ደግሞ ልማዱ ነው፣ አንዱን ይዞ ዘጠኙን በዝምታ ይተዋል። እና ደግሞ ገና ቁጥር ያልደረሳቸው እናቶች እስኪደርሳቸው አይብሉ ማለት ነው?

የኔ ነጥብ ይህ ነው። ቁልፍ መምረጥ ማን ከማን ይለያል ብሎ መፍረድ ነው። ያንን ፍርድ የሚሰጠው ሰው ቀበሌውን ማወቅ አለበት፤ የማያውቅ ከሆነ የሚያውቀውን ይጠይቅ፤ ከወሰነም ስሙን ይጻፍበትና ይፈርም። በዚያ ድርጅት ቁልፉን ማን እንደመረጠ ጠየቅሁ። የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወንበር ለመግዛት ሦስት ፊርማ የሚጠየቅበት ቢሮ፣ 40,000 ሰው በምን እንደሚለይ ሲወሰን አንድም ፊርማ የለም።

ሁለተኛው ነጥቤ፦ «ተጭኗል» የሚለው ቃል ሒሳብ ይቅረብበት። ማንኛዋም የዕድር ጸሐፊ የምታውቀው ሒሳብ ነው። የተላከው መስመር፣ የገባው፣ የተገፋውና የተደገመው ሲደመር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ሥራው አላለቀም፤ ሪፖርት አይጻፍም። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመጫን በፊት የቁልፉን ዓምዶች ብቻ ቆርጦ ማውጣት፣ መደርደር፣ የተደጋገመ እንዳለ ማየት። ካለ ማቆም። የስህተት ፋይሉን አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ። ከተጫነ በኋላ ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን እንደገና መቁጠር። አምስት ስድስት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን አታቃጥሉ። ካሳንድራ ላይ የአንድ ሰንጠረዥ ቁልፍ ከተወሰነ በኋላ አይቀየርም፤ አዲስ ሰንጠረዥ ሠርቶ ሁሉንም እንደገና መጫን ግድ ነው። የተሸፈነችው ሴት ደግሞ ከዳታቤዙ ውስጥ ተመልሳ አትመጣም። ያለችው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ዲጂታል ሆንን ብለን ወረቀቱን ጥለን ቢሆን ኖሮ፣ እማማ ፋጡማ መኖራቸውን የሚመሰክር ነገር በዓለም ላይ አይኖርም ነበር፤ ከራሳቸው በቀር። እሳቸው ደግሞ ቆመው ሲመሰክሩ ምን እንደተባሉ ሰምታችኋል።

ለነገሩ መፍትሔው እጃቸው ላይ ነበር። ያ ማኅተም ያረፈበት ካርድ ተራ ቁጥር ታትሞበታል፤ የማይደገም። ሲለቀም «አያስፈልግም» ተብሎ የተተወው እሱ ነው። አዲሱ ሰንጠረዥ ወረዳንና ቀበሌን ይዞ፣ ከስም ይልቅ በካርዱ ቁጥር ይለያል። ስምና የአያት ስም እንደ ተራ ዓምድ ተቀመጡ፤ የልደት ቀንም በኛው አቆጣጠር በጽሑፍ። ቁጥሮቹ እኩል መጡ። የአይቲው ልጅ ሌሊቱን አልተኛም፤ ምስጋና ይገባዋል።

እማማ ፋጡማ በአራተኛው ወር ተከፈላቸው። ያለፈውም ተደምሮ ይሰጣቸው ብንልም «በጀት ዓመቱ ተዘግቷል» ተባልን። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እሳቸው መስኮቱ ድረስ መጥተው ጮኹ። ቤታቸው ቁጭ ብለው «አልደረሰኝም፣ የአላህ ፈቃድ ነው» ያሉት ስንት እንደሆኑ ከዝርዝሩ አይተናል። ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው።

ስለዚህ አደራ። እናታችሁ፣ አያታችሁ፣ ወይም እናንተ «ሲስተሙ ላይ የሉም» ስትባሉ ቀና ብላችሁ ጠይቁ፦ ስንት ተልኮ ስንት ገባ? የተገፋው ፋይል የት አለ? ሰውን ከሰው የምትለዩት በምንድን ነው? መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ መልሱን አያውቅ ይሆናል። ከኋላው ያለው ግን ማወቅ አለበት።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚያ የስኬት ታሪክ ላይ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር እንድትታረም ጠይቄ ነበር። «ታትሞ ተሰራጭቷል» አሉኝ። ስለዚህ እርማቱን እዚህ እጽፈዋለሁ፦ ሁሉም ተጠቃሚዎች አልተመዘገቡም ነበር። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳልቆጥር ነው የጻፍኩት። ይቅርታ።

ቸር እንሰንብት።